የቅዳሜ ሰንጢዎች

ብርቱካኑ እስከ ወገቡ ተልጦ ቀርቷል። ልጣጩ ሳይበጠስ ተጠምዝዞ ከጠረጴዛው ጠርዝ ተንጠልጥሏል። ከጠረጴዛው ሥር ባለመድኃኒት ቤቱ ነጭ ጋዋኑን እንደለበሰ በጎኑ ወድቋል፤ ጋዋኑ ግን ከእንግዲህ ነጭ አይደለም። አንገቱ ላይ አንድ ቀጭን ቁርጥ አለ። አንድ ብቻ፣ ጥርት ያለ፣ በደንብ በተሳለ ነገር የተደረገ።

ኢንስፔክተሯ አስከሬኑን አይታ ስትጨርስ ዓይኗን ብርቱካኑ ላይ ተከለች።

«ይህን የላጠበት የት ሄደ?»

አብረዋት የመጡት ፖሊሶች መርገጥ የሌለባቸውን በመርገጥ፣ መንካት የሌለባቸውን በመንካት ተጠምደው ነበር። ክፍሉ የመድኃኒት ቤቱ ጓዳ ነው፤ ጥቂት ወንበሮች፣ አንድ ጠረጴዛ፣ እስከ ጣሪያ የተደረደረ ካርቶን። መሳቢያው አልተከፈተም፣ መደርደሪያው አልተነካም። ሰውየው ለምሳ ዘግቶ፣ ብርቱካን ሊበላ ተቀምጦ ሞተ።

ውጭ ግን ሰፈሩ ምርመራውን ጨርሶ ፍርድ ላይ ደርሷል።

«ሞራጁ ነው! ሌላ ማን ይሆናል?» ትላለች የልብስ ንጽህና ቤቱ ባለቤት፣ ወገቧን ይዛ። ሞራጁ በየሰፈሩ ጋሪ እየገፋ ቢላዋና መቀስ የሚስል ሰው ነው። «ትናንት እዚህ በር ላይ ተጣሉ። 'ሰንጢዬን አበላሸህብኝ' አለው ሟች፣ ነፍሱን ይማረውና። ያኛው ምን ቢለው ጥሩ ነው? 'ሌላ ጊዜ ሰንጢህን ሳይሆን አንገትህን ነው የምሞርድልህ!'»

«ሲለው ይስቅ ነበር ወይስ ተቆጥቶ ነው?»

«ፊቱን መች አየሁት? እኔ ውስጥ ነበርኩ፤ የሰማሁት ነው።»

«በጆሮሽ ብቻ።»

«በጆሮዬ፣ አዎ! ጆሮ ምን ሆነ?»

ጆሮ ምንም አልሆነም። ሰፈር እንዲህ ነው። ሰው ሲሞት የሚያውቅ ይበዛል፤ ሰው ሲታሰር ያወቀው ሁሉ ምስክር ይሆናል፤ የታሰረው ንጹሕ መሆኑ የተረጋገጠ ቀን ደግሞ «እኔ እንኳ ከሩቅ ነው የሰማሁት» ይላል።

አስከሬኑን ያገኘው ሰዓት ሠሪው ነው። ደረጃው ላይ ተቀምጦ ኮፍያውን በሁለት እጁ ያሻል። አጠገቡ እጅጌው ላይ የቀለም ጠብታ ያለበት ግራጫ ካፖርት የለበሰ ረጅም ሰው ቆሞ ትከሻውን ይዞታል።

«ቅዳሜ ቅዳሜ በምሳ ሰዓት እዚህ እንገናኛለን» አለ ሰዓት ሠሪው። «ሰንጢ እንሰበስባለን። ሦስት የተረፍን ሞኞች ነን። አሁን ሁለት።»

«እርስዎስ?» አለችው ረጅሙን።

«የሥዕል መምህር ነኝ። ከትምህርት ቤት ነው የመጣሁት፤ የተማሪዎች ኤግዚቢሽን እያዘጋጀን ነው። ዘበኛው ያውቃል። ስደርስ ሰዉ ተሰብስቦ ነበር።» ድምፁ ዝቅ ያለ ነው። ይህን ብሎ የጓደኛውን ትከሻ መልሶ ያዘ።

ሞራጁን የያዙት ከሁለት መንገድ ማዶ፣ ጋሪው ላይ የልብስ ሰፊዋን መቀስ ሲስል ነው። አልሮጠም። «መቀሷን ልጨርስላትና እመጣለሁ» አላቸው። ይህም ሪፖርቱ ላይ ሰፈረ፤ «ተጠርጣሪው ሲያዝ ምንም አልደነገጠም» ተብሎ። ቢደነግጥ ኖሮ መደንገጡ ይጻፍ ነበር።

ሳጅኑን ጣቢያው ውስጥ «ፍጥነት» ይሉታል፤ እሱ የያዘው ሰው ሁሉ ቶሎ ስለሚያምን። ፍጥነት የሞራጁን ሣጥን ጠረጴዛ ላይ ገለበጠው። ስለት፣ ሞረድ፣ የናስ ምስማር፣ የቀንድ ፍቅፋቂ፣ በጨርቅ የተጠቀለሉ ሁለት ስስ የእንጨት ቁራጮች።

«ይህን ደግሞ አይጥ በልቶታል» አለና ቁራጮቹን መልሶ ወረወራቸው። «ስለቱ ግን በሙሉ ወደ ምርመራ ይሂድ። አንዱ ላይ ደም አይጠፋም።»

«ከጠፋስ?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«አጥቦታል ማለት ነዋ።»

ከዚህ አስተሳሰብ የሚያመልጥ ሰው የለም። ደም ከተገኘ ገዳይ፣ ካልተገኘ ጠንቃቃ ገዳይ።

ሞራጁ አጭር፣ ሰፊ እጅ ያለው ሰው ነው። ጣቶቹ በአሮጌ ጭረት ተሞልተዋል። ኢንስፔክተሯ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«በምሳ ሰዓት የት ነበርክ?»

«ጋሪዬ ላይ። ሌላ የት እሆናለሁ?»

«ያየህ ሰው አለ?»

«ያላየኝ አለ? ግን ሞራጅን ማን ልብ ይላል፤ የሚያዩት ቢላቸውን ነው።» ከዚያ ጎንበስ አለ። «እመቤቴ፣ ያቺን ሰንጢ እኮ እኔ ነኝ—»

«የተጠየቅኸውን ብቻ መልስ!» አለ ፍጥነት ከኋላ።

ኢንስፔክተሯ ሰዓቷን አየች። ሰዓት ሠሪው ሱቁን ሳይዘጋ መድረስ ነበረባት። ተነሣች።

በሩ ላይ አንዲት ሴት የወንድ ጃኬት አቅፋ ቆማለች። የሞራጁ ሚስት ናት።

«እህቴ፣ ይህን አስገቢልኝ። ብርድ አይችልም።»

«እሰጠዋለሁ።»

«ደግሞ…» ሴትዮዋ ክንዷን ያዘቻት። «ያሻቸውን ይጠይቁት፣ ይሰሩት። እጁን ብቻ እንዳይነኩት። እኛ በእጁ ነው የምንበላው። እለምንሻለሁ፣ እጁን።»

«ማንም አይነካውም» አለች ኢንስፔክተሯ። ያን ጊዜ ያለችውን ታምን ነበር።

ኮማንደሩ ኮሪደር ላይ አገኛት። «ነገ ጠዋት ለጋዜጠኞች መግለጫ አለኝ» አላት። «እስከዚያ ሌላ ገዳይ ካመጣሽልኝ እሰየው። ካላመጣሽ ያለን ይበቃናል።»

«ያለን ማን ነው?»

«ስለት የያዘ ሰው።»

ሰንጢ በኪስ መያዝ ጥፋት ከሆነ የአያቶቻችን ኪስ ሁሉ ወንጀለኛ ነበር። በሰንጢ እርሳስ ተቀርጿል፣ ገመድ ተቆርጧል፣ እሾህ ወጥቷል፣ ብርቱካን ተልጧል። ኮማንደሩ ይህን አያውቅም ማለት አይደለም። ማወቅ መግለጫውን ያዘገይበታል፤ ነገሩ ይኸው ነው።

የሰዓት ሠሪው ሱቅ አንድ ሰው ከገባ ሁለተኛው ውጭ የሚቆምበት ነው። ሰውየው ማጉያ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ተቀበላት።

«ስንት ሰንጢ አለዎት?»

«ለባለቤቴ የምነግራትን ልንገርሽ ወይስ እውነቱን?»

«እውነቱን።»

«እንግዲያውስ በሩን ገፋ አድርጊው።»

መሳቢያውን ሳበ። ሰማያዊ ጨርቅ ላይ በተርታ ተኝተዋል፤ የቀንድ፣ የአጥንት፣ የእንጨት እጀታ ያላቸው። ቁልፍ ሲጫኑት ተስፈንጥሮ የሚወጣ አንድም የለም። ሁሉም በጥፍር የሚከፈቱ፣ በጀርባቸው ሞላ ያላቸው የድሮ ሰንጢዎች ናቸው። ስለታቸው እንደ ጢስ ጠቁሯል።

«ብረቱ አይዝግም ከሚባለው ከአዲሱ ዓይነት አይደለም» አለ። «ፍራፍሬ ከነካ ይጠቁራል፣ ሳትጠርጊው ካደረ ይዝጋል። እንደ ሕፃን ነው፤ አፉን መጥረግ አለብሽ። ጠዋት ከመሐረቤ ጋር አንዱን እመርጣለሁ፤ ቀኑን ሙሉ እሱ ነው ባልንጀራዬ። የሱሪዬ ቀኝ ኪስ ሁሉ ተቀዷል። ባለቤቴ ምን ትላለች መሰለሽ? 'ሌላ ሴት ብትይዝ ይሻለኝ ነበር፤ እሷ ቢያንስ ኪስ አትቀድም።'» ሊስቅ ጀምሮ ተወው። ዓይኑ እንባ ሞላ።

«ቅዳሜ ምን ታደርጋላችሁ?»

«የያዝነውን ጠረጴዛ ላይ እናወጣለን። የሌላውን ታያለሽ፣ ትይዣለሽ፣ ትመልሻለሽ። ደንብ አለን። የሰው የኪስ ሰንጢ 'ስጠኝ' አይባልም። ሲመለስም ተጠርጎ፣ ታጥፎ ነው። ከዚህ ሌላ ምን አለን? ወሬ ነው።»

«ባለመድኃኒት ቤቱስ ምን ይይዝ ነበር?»

«ድሮ ይቀያይር ነበር። ኋላ በአንዷ ተለከፈ። የወይራ እጀታ ያላት፣ ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ ያገኛት። 'ይህቺ ሁለተኛ ሚስቴ ናት' ይላል፣ የመጀመሪያዋ እየሰማች። ብርቱካኑን የላጠው በእሷ ነው፤ ገዳዩ ይዟት ሄዶ ይሆናል።»

«ጠላት ነበረው?»

«አፍ ነበረው። ሰው ላይ መቀለድ ይወዳል። ግን ሰው ለቀልድ ይገደላል?»

«መምህሩስ? የቆየ ጓደኛችሁ ነው?»

«መጨረሻ የመጣ እሱ ነው። ምስኪን፣ አንድ ልጁን ቀብሮ ነው ወደ እኛ የመጣው። ከስለቱ ጀርባውን አይለይም ነበር፤ ሁሉን እኛ ነን ያስተማርነው።»

«እርስዎ በምሳ ሰዓት የት ነበሩ?»

«እዚሁ። አንዲት ነርስ ሰዓቷን እስክጨርስላት ቆማ ስትነዘንዘኝ ነበር። ጠይቂያት። ስሜን ስታነሺባት ከተሳደበች እውነቴን ነው።»

ነርሷ ተጠየቀች። ተሳደበች። ሰዓት ሠሪው ከዝርዝሩ ወጣ።

በማግሥቱ ጠዋት የሟች ሚስት አስከሬን ክፍል ደጃፍ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ነበር። ጭኗ ላይ የባሏ ዕቃ ያለበት የላስቲክ ከረጢት አለ፤ መነጽር፣ ቁልፍ፣ መሐረብ። ኢንስፔክተሯ ልታጽናናት ተቀመጠች። ከመሐረቡ ሥር አንድ ነገር ቅርጹ ወጥቶ አየች።

«ይቅርታ፣ እትዬ። ይህ ሰንጢ ነው?»

«ያቺው የእሱ ጉድ ናት።»

ኢንስፔክተሯ ወደ አስከሬን ክፍሉ ሠራተኛ ዞረች። «ይህን ከየት አገኛችሁት?»

«ከሱሪው ኪስ።»

«ለምን አልተነገረኝም?»

«የጠየቀ የለም።»

ጓንት አጠለቀችና ከፈተችው። ስለቱ ንጹሕ ነበር። የብርቱካን ጠብታ የለም፣ የልጣጭ ፍርፋሪ የለም። መታጠፊያው አካባቢ ግን አዲስ ዘይት ነበር፤ በጥቂቱ ያጣብቃል። ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። ከባድ፣ ጣፋጭ የሚመስል፣ የምታውቀው ሽታ ነው። የት እንደምታውቀው ጠፋት።

«ባለቤትዎ ሰንጢውን ምን ይቀቡት ነበር?»

«ቫዝሊን። የመድኃኒት ቤት ሰው ሌላ ምን ይቀባል?»

ብርቱካን እየላጠ ያለ ሰው፣ ልጣጩ ሳይበጠስ፣ ድንገት ተነሥቶ ሰንጢውን ይጠርጋል? የሌላ ሰው ዘይት ይቀባል? አጥፎ ኪሱ ይከታል? ከዚያ ይሞታል? የመሐረቧን ጫፍ አሹላ መታጠፊያው ውስጥ፣ ከሞላው ሥር ከተተችው። ሲወጣ ቡናማ ቀይ ነበር።

ሰውየው የታረደው በገዛ ሰንጢው ነው። ገዳዩ የሸሸ ሌባ፣ የተናደደ መንገደኛ አይደለም። ደም ባለበት ክፍል ውስጥ ቆሞ ስለት የጠረገ ሰው ነው።

«እጀታው አዲስ ነው» አለች፤ ወይራ ሳይሆን ቀንድ ነበር።

«ሐሙስ ነው ያስቀየረው፤ ለዚያ ለሞራጅ ሰጥቶ። አርብ ምስማሩ ጎረበጠኝ ብሎ ተጨቃጨቁ። ወይ ጭቅጭቅ! ማታ ቤት መጥቶ እኮ በሳቅ ሲንፈራፈር ነበር። 'አንገትህን ነው የምሞርድልህ አለኝ፣ ይህ ቀልደኛ' እያለ።»

«ይህን ለፖሊስ ተናግረዋል?»

ሴትዮዋ በደረቀ ዓይን አየቻት። «ትናንት ማን አናገረኝ? 'ፈርሚ' ነው ያሉኝ።»

ኢንስፔክተሯ ጣቢያ ስትደርስ የሞራጁ ሚስት በሩ ላይ አልነበረችም። ከአጥሩ ሥር መሬት ላይ ተቀምጣ ጆሮዋን በሁለት እጇ ይዛለች። ቀና ብላ አየቻት፤ እጇን ከጆሮዋ ሳታነሣ ፊቷን አዞረች። ኢንስፔክተሯ ያንን ከስድብ ሁሉ አስበልጣ ታስታውሰዋለች።

ኮማንደሩ ከረባቱን እያስተካከለ ነበር።

«አመነ» አላት።

«አልገደለም። ሰንጢው የሟቹ ነው፣ ኪሱ ውስጥ ነበር፣ ደሙ መታጠፊያው ውስጥ—»

«አመነ እያልኩሽ ነው። ፈርሟል።»

ወረቀቱን ነጠቀችው። ከታች የአውራ ጣት አሻራ አለ። የግራ።

«የግራ እጁን ነው ያስፈረማችሁት» አለች። «ቀኙ የታለ?»

ኮማንደሩ ወደ ከረባቱ ተመለሰ። ፍጥነት ጥግ ላይ ሆኖ ጉልበቱን ያሽ ነበር፣ እንደ ደከመው ሰው።

«ቀኙ የታለ?!»

«ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ።»

ወደ ማቆያው ሮጠች። ሞራጁ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል፤ ቀኝ እጁን እንደ ባዕድ ነገር ጭኑ ላይ አስቀምጦታል። ጣቶቹ ወደማይታጠፉበት ታጥፈዋል። ጃኬቱን ለብሷል፤ ጃኬቱ ደርሶታል። ከገባችው ቃል የተፈጸመው ያ ብቻ ነው።

ሐኪም እንዲመጣ ጮኸች። የተፈረመውን ወረቀት አጥፋ ኪሷ ከተተች፤ ኮማንደሩ «ማስረጃ ነው!» ሲል «አዎ፣ ማስረጃ ነው፤ የእናንተ» አለችው። ከዚያ ሣጥኑ ወዳለበት ክፍል ገባች። ጨርቁን ፈታ ሁለቱን የእንጨት ቁራጮች አወጣች፤ ጥቁር ደም ሥር ያለው ወይራ፣ እያንዳንዱ ላይ የምስማር ቀዳዳ። ሰንጢው ላይ ለጠፈቻቸው። ቀዳዳዎቹ በልክ ገጠሙ። አሮጌው እጀታ ይህ ነው። በሁለቱም ላይ ጥልቅ ጉድጓዶች አሉ፣ ተርታ የያዙ። የአይጥ አይደሉም። አይጥ እንደዚህ አይነክስም።

ሰንጢ ተጠርጎ፣ ታጥፎ ይመለሳል የሚለውን ደንብ ከሚያውቁት የቀረው ሦስተኛው ሰው ነው።

የትምህርት ቤቱ ዘበኛ እሑድም በሥራው ላይ ነበር። «መምህሩን ቅዳሜ አይቻቸዋለሁ፣ ጠዋት ገብተዋል» አላት።

«ሲወጡስ?»

«በምሳ ሰዓት እኔም ሰው ነኝ፤ እበላለሁ። ያኔ በሩ ላይ ማንም የለም።» ከዚያ አጉረመረመ። «አሁንም እዚያው ናቸው። ሌሊቱንም አልወጡ።»

የሥዕል ክፍሉን በር ስትከፍት ሽታው ፊቷን መታት። ከባድ፣ ጣፋጭ የሚመስል። የተልባ ዘይት፤ ሠዓሊዎች ቀለም የሚያቀጥኑበት። መምህሩ የተማሪዎችን ሥዕል ግድግዳ ላይ እየሰቀለ ነበር። ካፖርቱ ወንበር ላይ ተጥሏል፤ ከኪሱ የትንሽ ጠርሙስ አንገት ብቅ ብሏል።

«ይግቡ» አላት፣ ሳይዞር።

ሰንጢውን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። መምህሩ ዞሮ አየው፤ አልነካውም። በየቅዳሜው የሰው ሰንጢ ሲያገላብጥ የኖረ ሰው እጁን ወደ ኋላ ወሰደ።

ያን ጊዜ ነው ከበስተኋላው ያለውን ሥዕል ያየችው። የተማሪ ሥራ አይደለም። አንድ ወጣት ጉልበቱ ላይ ሰሌዳ አስደግፎ ይስላል፤ በአንድ እጁ ወረቀቱን ይዟል፣ በሌላው እርሳስ። ሦስተኛ እጅ የለውምና የታጠፈች ሰንጢ በጥርሱ ነክሷል። እጀታዋ ቡናማ ነው፣ ጥቁር ደም ሥር ያለው።

ኢንስፔክተሯ እጇን ኪሷ ከታ ሁለቱን ቁራጮች ከሰንጢው አጠገብ አስቀመጠች።

መምህሩ ቁራጮቹን አየ። ከዚያ ወንበሩን ሳያይ ተቀመጠ።

«ጥዬዋለሁ ብሎኝ ነበር» አለ።

«ማን?»

«እሱ። ጥዬዋለሁ አለኝ።»

«የልጅዎ ነው?»

«ሲስል ሁለት እጁ ሥራ ላይ ነው። እናቱ 'ጥርስህ ይሰበራል' ስትለው ትኖር ነበር። የተሰበረው ጥርሱ አይደለም። ልቡ ነው፤ እየሮጠ ሳለ ቆመ። ሲወለድ ጀምሮ ነው አሉን ሐኪሞቹ፣ ከቀበርነው በኋላ።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «እሷ ዕቃውን ማየት አልቻለችም። እኔ ሥራ ላይ ሆኜ ሣጥኑን ሙሉ ለአሮጌ ዕቃ ገዢ ሰጠችው። አልፈረድኩባትም። አንድ ቀን የራስ ምታት መድኃኒት ልገዛ ገባሁ። ባለመድኃኒት ቤቱ ካርቶን ይከፍታል። በዚህ ሰንጢ።»

«ለምን አልነገሩትም?»

«ብነግረውና እምቢ ቢለኝስ? ቢስቅስ? ሁሉ ነገር ላይ ይስቅ ነበር እኮ። ካልነገርኩት በየሳምንቱ እይዘዋለሁ። ስለዚህ ሰንጢ ሰብሳቢ ሆንኩ። ገዛሁ፣ ተማርኩ፣ ስለት አሳመርኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ አውራ ጣቴን ጥርሱ የነከሰበት ላይ አኖራለሁ። እነሱ ስለ ብረት ያወራሉ። እኔ ከልጄ ጋር ነኝ።»

ውጭ ነፋስ የላላ መስኮት ያንኳኳል።

«ቅዳሜ ቀድሜ ደረስኩ። ብርቱካን እየላጠ ነበር። እጀታው ሌላ ነው። 'እንዴት ነው፣ አማረባት?' አለኝ። 'አሮጌውስ?' አልኩት። 'ያ ውሻ ያኘከው? ጣልኩት እኮ!' ብሎ ሳቀ። ከዚያ እንደ ደንባችን፣ 'እየው' ብሎ አቀበለኝ። ክፍት ነበር።»

አልጨረሰውም። መጨረስም አላስፈለገውም።

«ለምን ጠርገው ኪሱ መለሱለት?»

መምህሩ ጥያቄው እንግዳ እንደሆነበት ሁሉ አያት። «የሰው ሰንጢ ይዞ መሄድ አለ እንዴ? ቆሽሾስ ይመለሳል? እጄ ነው ያደረገው። በኪሴ ያለው የተልባ ዘይት ነበር፤ እሱን ቀባሁት።» ከዚያ ድንገት ቀና አለ። «አንድ ሰው ታስሯል አሉ። ሌሊቱን ሁሉ ልመጣ ነበር። ጫማዬን አስሬ፣ ፈትቼ…»

«ዛሬ ጠዋት ጣቶቹን ሰብረዋቸዋል» አለች ኢንስፔክተሯ። ልትራራለት አልፈለገችም። «ይህን እንጨት ያልጣለው እሱ ነው።»

መምህሩ አንዱን ቁራጭ አነሣ። አውራ ጣቱን ጉድጓዱ ውስጥ አሳረፈ። አለቀሰ ማለት አይቻልም፤ ከሰው ጉሮሮ የማይወጣ ድምፅ ነበር። ኢንስፔክተሯ ካቴናውን ያወጣችው እሱ ራሱ እጁን ሲዘረጋላት ነው። እስኪዘረጋ ጠበቀችው።

ኮማንደሩ መግለጫውን ሰጠ። «በፖሊስ ትጋትና ጥንቃቄ በተካሄደ ምርመራ» አለ፣ ካሜራ ፊት፣ ከረባቱ ተስተካክሎ። የልብስ ንጽህና ቤቱ ባለቤት እዚያው ቆማ ነበር። «እኔ እንኳ ከሩቅ ነው የሰማሁት» ትላለች። ኢንስፔክተሯ ሪፖርቷ ውስጥ ስለ ተሰበሩት ጣቶች ጻፈች። ኮማንደሩ ገጹን ነቅሎ አወጣው። መልሳ ጻፈችው። እንደገና አወጣው። የተፈረመው ወረቀት አሁንም ኪሷ ውስጥ ነው፤ ከእሱ በላይ ላለው ራሷ ይዛው ትሄዳለች፣ ሥራዋን ቢያሳጣትም።

ሞራጁ ከማቆያው ሲወጣ ቀኝ እጁ እስከ ክንዱ በጀሶ ተጠቅልሏል። ሐኪሙ «ይድናል» ብሏል፤ «እንደ ድሮው ይጨብጣል ወይ?» ሲባል ግን ወረቀቱን ማየት ጀመረ። ጋሪውን ከግቢው ያወጣችው ሚስቱ ናት። ሰውየው በግራ እጁ ሣጥኑን ከፍቶ ዕቃውን አየ።

«ሁለት የወይራ ቁራጮች ነበሩኝ» አለ።

«በማስረጃነት ተይዘዋል» አለች ኢንስፔክተሯ። «ሲያልቅ ይመለሱልዎታል።» የመጀመሪያ ቀን «አንተ» ነበር ያለችው። እሱም ልብ አለ።

«የማን ነበር?»

«የአንድ ልጅ። ሞቷል። የነከሰው እሱ ነው። አባቱ እጀታው ተጥሏል ተብሎ ነው ያንን ያደረገው።»

ሞራጁ ሣጥኑን ቀስ ብሎ ዘጋው።

«እንደዚያ ያለ ወይራ አይጣልም» አለ። «ደግሞ የጥርሱን ምልክት አየሁና፣ ይህን የሚፈልግ ሰው አይጠፋም ብዬ ነው በጨርቅ የጠቀለልኩት። መጥቶ ቢለኝ ኖሮ በነጻ እሰጠው ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

ሞራጁ ቀና ብሎ አያት። ቁጣ አልነበረበትም፤ ቁጣ ቢኖር ይቀላት ነበር።

«ልናገር ጀምሬ ነበር እኮ። ሰዓትሽን አየሽ። አንቺ 'የት ነበርክ?' አልሽኝ። እነሱ 'እመን!' አሉኝ። 'ምን ሠራህለት?' ብሎ የጠየቀኝ የለም።»

ሚስቱ ጋሪውን ገፋች። የመሞረጃው ድንጋይ በመንገዱ ጉድጓድ ላይ ሲነጥር ብቻውን ትንሽ ዞረና ቆመ። ሞራጁ ግራ እጁን ጋሪው ላይ አሳርፎ፣ ከጎኗ መራመድ ጀመረ።